ሞተረኛው ወንድሜና የማታርፈው መርፌ

ወንድሜ ለሠላሳ አንድ ዓመት ከአምስት ወር የጀልባ ሞተረኛ ነበር። የመጨረሻዎቹን አሥራ ስድስት ዓመታት ያሳለፈው በአንዲት ሰው አመላላሽ ጀልባ ሆድ ውስጥ ነው፤ ቀጥ ብሎ መቆም በማይቻልበት፣ ግድግዳው በናፍጣ በወዛ ክፍል። ጀልባዋ ጠዋት ሐይቁን አቋርጣ ትሄዳለች፣ ከሰዓት በኋላ ሰውና ዕቃ ጭና ትመለሳለች። ከመነሳቷ በፊት «ሞተሩ ደህና ነው» ብሎ የሚፈርመው እሱ ነበር። እሱ ካልፈረመ ካፒቴኑ ገመድ አይፈታም።

የወደቡ ሰዎች ስሙን ትተው «ሐኪሙ» ይሉት ነበር። መዳፉን በሞተሩ የውኃ ጋን ላይ ያሳርፍና ዓይኑን ጨፍኖ «ሰማንያ» ይላል። የሙቀት መለኪያው ጌጅ ሲታይ ሰማንያ ወይም ሰማንያ አንድ ነው። እኔ የምሠራው እዚያው ወደቡ መዝገብ ቤት ነው፤ ሰው የሚያወራውን ሳላጣራ አልቀበልም። አንድ ቀን ከላቦራቶሪ ቴርሞሜትር ተውሼ ወረድኩ። እሱ ሰማንያ አለ፣ ቴርሞሜትሩ ሰባ ዘጠኝ።

«የተሳሳተው ያንቺው ነው» አለኝ። አልሳቀም። ይህ የሆነው ከመሞቱ ስድስት ዓመት በፊት ነው።

ባለፈው ዓመት የሙቀት መለኪያዋ መርፌ ማረፍ እምቢ አለች። ከሰማንያ ተነስታ ቀዩ ላይ ትወጣለች፣ ሳይቆይ ትወርዳለች፤ አንዳንዴ ሞተሩ እየሠራ ዜሮ ላይ ትተኛለች። ነገሩ ቀልድ አልነበረም። መርፌዋ እውነት ከተናገረች ጀልባዋ መቆም አለባት፤ ከዋሸች መሄድ ትችላለች። የትኛው እንደሆነ ለይቶ የሚፈርመው ወንድሜ ነው፤ ከላዩ ሃምሳ የሚሆን ሰው ተቀምጧል።

መጀመሪያ ጌጁን በአዲስ ቀየረው። አዲሱም እንደ አሮጌው ዘለለ።

«ከእጅ አይሻል ዶማ» አለና ሙቀቱን የምትለካውን ጣት የምታክል ሴንሰር ከሞተሩ ፈታ። ቤት ወስዶ በድስት ውኃ ውስጥ ነከራት፣ ድስቱን ምድጃ ላይ ጣደ፣ በኤሌክትሪክ መለኪያ ቴስተር ይለካ ጀመር። እኔ ቁጥሩን እጽፋለሁ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማለች።

«ከሠላሳ ዓመት በኋላ ደግሞ ሞተር ሊቀቅልልኝ መጣ!» አለች። «ያ ድስት ተመልሶ ምግብ አይሠራበትም፣ እንዳትለፋ።»

«ዝም በይ እስቲ፣ ታማሚ ይዣለሁ።»

ውኃው እየሞቀ ሲሄድ በቴስተሩ ላይ ያለው ቁጥር እንደሚገባው በሥርዓቱ ወረደ። ሴንሰሯ ጤነኛ ናት። ውኃው እየፈላ እጁን ሰደደና በሁለት ጣቱ አወጣት። ሚስቱ ጮኸች።

«ምን ሆንሽ? የሞተረኛ እጅ ነው» አላት፣ ሴንሰሯን በሸሚዙ እየጠረገ።

«ሰሞኑን ድስትም በባዶ እጁ ነው የሚያወርደው» አለችኝ። ሁለታችንም ሳቅን። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

በማግስቱ ከሴንሰሯ እስከ ጌጁ ያለውን ሽቦ ክንድ በክንድ እየነቀነቀ ፈተሸ። መጨረሻ ላይ መካኒኮች ማሳ የሚሉትን፣ ከሞተሩ አካል ጋር የታሰረውን የመሬት ሽቦ ሲነካ መርፌዋ ዘለለች። ቡሎኑን ሲፈታው ሥሩ አረንጓዴ ዝገት በልቶታል። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ መልሶ አጠበቀው። ሁለት ቀን መርፌዋ እንደ ጨዋ ልጅ ተቀመጠች። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ጀልባዋ ተጭና ስትመለስ፣ እንደገና ቀዩ ላይ ወጣች። ወደብ ደርሰው ሲቆሙ ወረደች። ወንድሜ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘው የሐይቅ ውኃ የሚገባበትን ማጣሪያ ከፈተ፣ ንጹሕ ነው። ሞተሩን እዚያው ቆሞ አስነሳ፣ ውኃው በመውጫው ይንዠቀዠቃል።

«ሌላ የዛገ ማሳ አለ ማለት ነው» አለ።

«ይቺ መርፌ እንደሆነች ሰካራም ናት» አለ ካፒቴኑ። «ከሰዓት በኋላ ነው የምትጠጣው።» የማስጠንቀቂያውን ደወል ደግሞ ተሳፋሪ እያስደነገጠ ስለሆነ ሽቦውን ነቀለው። ወንድሜ እያየ አልከለከለውም። አንድ ጊዜ ውሸቷን በዓይኑ አይቷልና ከዚያ ወዲያ አላመናትም።

በየጉዞው የሚሞላው ቅጽ አለ፤ በየግማሽ ሰዓቱ የሙቀት ሣጥን። ያን ሰሞን ሣጥኖቹን ባዶ እየተወ በጠርዙ ላይ «መርፌዋ ትዘላለች» ብሎ መጻፍ ጀመረ። ቅጹን መለስኩለት።

«ጋሼ፣ ይሄ ሣጥን ቁጥር ነው የሚፈልገው።»

«አንዴ ሃያ፣ አንዴ መቶ አሥር ትላለች። የቱን ልጻፍልሽ?»

«ባዶ ሣጥን ያለበት ቅጽ አልረከብም። ከማንም።»

«ከወንድምሽም?»

«ካንተ ከተረከብኩ ነገ ማንን እምቢ እላለሁ?»

ቅጹን አጥፎ ኪሱ ከተተ። «እንግዲያው በእጄ እየለካሁ እጽፋለሁ።»

«ጻፍ» አልኩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሃያ ሦስት ቀናት ሣጥኖቹ ሁሉ ሞልተው መጡ። ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ ሁለት፣ ሰማንያ አንድ፣ ሰማንያ ሁለት። ከሥር ፊርማው። እያንዳንዱን ተረክቤ ማኅተም አሳርፌበታለሁ።

በሃያ አራተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ አርባ ስምንት ሰው ጭነው ሲመለሱ መርፌዋ ቀዩ ላይ ወጥታ አልወርድም አለች። ካፒቴኑ በወለሉ ቀዳዳ ወደ ታች ጮኸ።

«ሐኪሙ! ሰካራሟ ተነስታለች። ስንት ነው?»

ወንድሜ መዳፉን ጋኑ ላይ አሳረፈ። «ሰማንያ ሁለት!»

ቀጥሎ የሆነውን ከካፒቴኑም ከራሱም ሰምቼ አመሳክሬዋለሁ። የሚቃጠል ቀለም ሸተተው። እጁን ሲያነሳ የመዳፉ ቆዳ ጋኑ ላይ ቀረ። አላመመውም። እጁን ገልብጦ አየው፣ ጋኑን አየው።

«ዋሽቻለሁ!» ብሎ ጮኸ። «ሞተሩን አጥፋ!»

ካፒቴኑ ሊያጠፋው አልቻለም። ነፋሱ ወደ ቋጥኙ እየገፋቸው ነበር፤ ወደቡ ለመድረስ አሥር ደቂቃ ሞተር ያስፈልጋል። ወንድሜ በባልዲ ውኃ ቀድቶ ሞተሩ ላይ ያፈስ ጀመር። አልበቃ ሲለው ውኃ ሊጨምርበት የጋኑን ክዳን በጨርቅ ይዞ ከፈተ። እንፋሎቱ ፊቱን፣ ደረቱንና ሁለቱንም እጆቹን መታው። ካፒቴኑ ስድስት ባልዲ ሲፈስ ሰማሁ ይላል፤ ከእነዚህ ውስጥ አራቱ ከእንፋሎቱ በኋላ ናቸው። ጀልባዋ ወደቡ ደረሰች። ከተሳፋሪው የተቧጨረ እንኳ የለም።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛ። ሐኪሙ፣ እውነተኛው፣ ደሙን መርምሮ ጠራኝ።

«ስኳር አለበት። ቢያንስ ሦስት አራት ዓመት ቆይቷል። እጁ መስማት ያቆመው በዚያ ነው። አታውቁም ነበር?»

አናውቅም ነበር። እሱም አያውቅም፤ እጁ ባይሰማም አፉ ሰማንያ ሁለት ማለት ለምዶ ነበር።

በአምስተኛው ቀን በፋሻው ውስጥ ሆኖ ጥፋቱን አገኘው።

«ጻፊ» አለኝ። «ጀልባዋ ሁለት በሽታ ነው የነበረባት። አንዱ ማሳው፣ እሱን ፈውሼዋለሁ። ሌላው ከሥሯ ነው። ባለፈው ጥገና የውኃ መሳቢያዋን ወንፊት አንስተው ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ጠፍጣፋ ላሜራ ገጠሙባት፣ አይደል? ማዶ ዘንድሮ አረም በዝቷል። ስትሄድ አረሙ እየተሳበ ላሜራው ላይ ይለጠፋል፣ ውኃ ይከለክላታል። ስትቆም ይለቃታል። ወደብ ላይ ብፈልግ የማላገኘው ለዚህ ነው። ተጭና ስትሄድ ደግሞ የውኃ መውጫው ከውኃ በታች ነው፣ ማነሱን ማን ያየዋል?»

«ጋሼ፣ ይደክምሃል። ነገ ትጨርሰዋለህ።»

«እህቷም እኮ ያው ላሜራ ነው ያላት!» በዚያው ጥገና ያለፈችው ሁለተኛዋ ጀልባ ማለቱ ነው። «ሰማንያ ሁለቶቹን በሙሉ ሰርዢያቸው። አይታወቅም ብለሽ ጻፊባቸው። እነሱን አይተው ሞተር ደህና ነበር ይላሉ፣ ያቺኛዋም ትሄዳለች።»

የተፈረመ መዝገብ አይሰረዝም። ይህን ነገርኩት።

«እሺ፣ ያልኩሽንስ ጽፈሻል?»

ጽፌ ነበር። ግን የሚፈርምበት እጅ አልነበረውም፣ አሻራ የሚሰጥበት ጣትም። ነርሷ በምስክርነት ፈረመች። በዘጠነኛው ቀን ንጋት ላይ ሞተ።

አጣሪው ኮሚቴ በአንድ ወር ሥራውን ጨረሰ። ቃሉን «በባለቤቱ ያልተፈረመ» ብሎ በአባሪነት ብቻ ያዘው። የተቀበለው እኔ ማኅተም ያሳረፍኩባቸውን ቅጾች ነው። እኔም ሁለት ገጽ ጽፌ አስገባሁ፤ ቁጥሮቹ ከመርፌዋ ሳይሆን ከእጁ እንደተወሰዱ፣ ባዶ ሣጥን አልረከብም ያልኩት እኔ እንደሆንኩ፣ እጁም የማይሰማ እንደነበር የሐኪሙን ወረቀት አያይዤ። በዚህ ምክንያት ሁለተኛዋ ጀልባ ለአንድ ቀን ቆመች። ከውኃ ስትወጣ በላሜራው ቀዳዳዎች ውስጥ የአረም ርዝራዥ ተሰግስጎ ተገኘ፤ ላሜራውም በወንፊት ተተካ። በወንድሜ ላይ የተሰጠው ውሳኔ ግን አልተለወጠም።

የውሳኔውን ግልባጭ ለሚስቱ ማድረስ የእኔ ሥራ ነው። ወሰድኩላት። ማንበብ ስለማትወድ እኔ አነበብኩላት፦ የሞተር ሙቀት በመዝገቡ መሠረት መደበኛ፤ የአደጋው ምክንያት ሠራተኛው ከደንብ ውጭ የሞቀ ጋን በመክፈቱ።

«መደበኛ ማለት?»

«ደህና ነበር ማለት ነው።»

«ሞተሩ ደህና ነበር፣ እሱ ነው ያበላሸው ነው የሚሉት?»

«አዎ።»

«ካንቺ ጋር ነው ይህን የጻፉት?»

«በእኔ ወረቀት ነው» አልኳት።

ወረቀቱን ከእጄ ተቀብላ የተጻፈበትን ወደ ታች ገልብጣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። ቀጥላ ኩርሲውን በእግሯ ወደ እኔ ገፋችልኝ። ተቀመጪ አላለችኝም፣ ውጪም አላለችኝም። ተቀመጥኩ።