ኮርቻው ከበሩ ጀርባ ነበር

ይህን ለሚስቴም ለንስሐ አባቴም ነግሬ አላውቅም። ለንስሐ አባቴ ሌላውን ኃጢአቴን ስዘረዝር ቆይቼ እዚህ ላይ ስደርስ ዘልየው አልፋለሁ። እሳቸውም ያልሰሙትን ጭምር እግዚአብሔር ይፍታህ ይሉኛል። ላንተ የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው፤ ድፍረት አግኝቼ እንዳይመስልህ።

እኔ በዳንግላ ዳር ባለ አንድ የድሮ ግንብ ውስጥ የቅርስ ሠራተኛ ነኝ። ግንቡ የባላባት መኖሪያ ነበር፤ ባላባቱ ካለፉ በኋላ የእህል መጋዘን ሆነ፣ ቀጥሎ የሌሊት ወፍ ቤት። ኋላ ታደሰና ሙዚየም ይሁን ተባለ። ጣሪያው ተከደነ፣ ግድግዳው ተለሰነ፣ በየክፍሉ የመስታወት ሣጥን ቆመ። የብራና መጻሕፍትም፣ የድሮ ሥዕልም፣ ጋሻና ጦርም ተገኘ። ግን አዊ መሬት ላይ ሙዚየም ከፍቶ የፈረስ ዕቃ አለማሳየት ሠርግ ደግሶ ሙሽራዋን መርሳት ነው። ይህን ያልሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ እንግዲያው ፈልገህ አምጣ ተባልሁ።

አያ ምሕረቴን ያገኘኋቸው ያኔ ነው። ከዘንገና ሐይቅ ማዶ የሚኖሩ ገበሬ ነበሩ፤ በጉብዝናቸው ወራት በጉግስ ስማቸው የተጠራ። ኮርቻቸውን ከአባታቸው ወርሰውታል። ቆዳው በቀይ ክር የተጠለፈ፣ እርካቡ ናስ፣ እንዲያው ሲያዩት ዓይን የሚይዝ ነው። በኛ አገር ባለፈረስ ሲሞት ፈረሱ በጌታው ኮርቻ ተሸልሞ በለቅሶው መሀል ይዞራል። ለቀስተኛው የሟቹን ጀግንነት የሚያስታውሰው ያንን እያየ ነው። ፈረሱ ባዶውን ከዞረ ሟቹ አስታዋሽ እንዳጣ ይቆጠራል።

«ውሰደው» አሉኝ አያ ምሕረቴ። «እኔ ከእንግዲህ አልጋልብም፤ ልጆች ይዩት። ስሞት ግን ለዚያች ቀን ታመጣልኛለህ። በል ማልልኝ።»

በጊዮርጊስ ማልሁ። እኔ ነኝ የማልሁት። ግንቡ አልማለም፣ መሥሪያ ቤቱ አልማለም፤ እኔ።

አያ ምሕረቴ ያረፉት የግንቡ ምረቃ ዋዜማ ነው። በማግስቱ ጧት ልጃቸው ስንዱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ኮርቻውን ልትወስድ በባጃጅ መጣች። ኮርቻው በትልቁ አዳራሽ መካከል መብራት በርቶለት ተቀምጧል፤ እንግዶች ከባሕር ዳር እየመጡ ነው። እሱ ከተነሣ መሀሉ ባዶ ሊሆን ነው። ደግሞ የግንቡ ኃላፊነት ለኔ እንዲሰጠኝ የምጓጓበት ጊዜ ነበር፤ ያን ቀን ዝግጅቱ እንዲጎድልብኝ አልፈለግሁም። አለቃዬን ማስፈቀድ እችል ነበር። አልጠየቅሁም። የአዳራሹን በር ዘጋሁና ጀርባዬን ሰጥቼው ቆምሁ።

«ኮርቻው የለም፤ ለጥገና ባሕር ዳር ተልኳል» አልኋት።

ስንዱም «እንግዲህ ምን ይደረግ፤ የአባቴ ዕድል ነው» ብላ ሄደች። ብትለምነኝ ኖሮ እሰጣት ነበር? ራሴን ብዙ ጊዜ ጠይቄዋለሁ። እሰጣት ነበር ብል ደስ ይለኛል፤ ግን አላውቅም።

እስከዚህ ያለውን መደናገጥ ነው ልትለኝ ትችላለህ። የሚቀጥለውንስ ምን ትለዋለህ? ረፋዱ ላይ ስልክ ተደወለ። እንግዶቹ መኪና ተበላሽቶባቸው ምረቃው ለሌላ ቀን ተላልፏል። ቀብሩ ከሰዓት በኋላ ነበር፤ ኮርቻውን ጭኖ ለመድረስ ጊዜ ሞልቷል። ነገር ግን ኮርቻውን ይዤ ብሄድ ውሸቴንም ይዤ መሄዴ ነው። ሰው ፊት ከማፈር የሙት አደራ መብላት ቀለለኝ። ባዶ እጄን ሄድሁ።

ፈረሱ ዞረ። በኮርቻው ፈንታ የአያ ምሕረቴ ጋቢ ጀርባው ላይ ጣል ተደርጓል። ጋቢው እየተንሸራተተ ይወድቃል፤ አንዱ አንሥቶ ይመልሰዋል። አልቃሿ በአዊኛ ትገጥማለች። እኔ አዊኛ አልሰማም፤ አጠገቤ የተቀመጡትን ሽማግሌ ምን እያለች ነው ብዬ ጠየቅሁ።

«ፈረሱን ነው የምትወቅሰው፤ ጌታህ ምን በድሎህ ነው ራቁትህን የምትሸኘው፣ ትለዋለች» አሉኝ።

ቆይቶ ከዘመዶቹ መካከል ማጉረምረም ተነሣ። አንዱ ጎረምሳ ወደኔ እያየ ቀምተውን ነው እንጂ አለ። ስንዱ ከተቀመጠችበት ተነሣች።

«እሱን እንዳትናገሩብኝ! ዕቃው ባሕር ዳር ሆኖበት ነው እንጂ እሱስ ቃሉን የሚበላ ሰው አይደለም።»

በገዛ አባቷ ለቅሶ ላይ ለኔ ጠበቃ ቆመች። ንፍሮ አቀረቡልኝ፤ በላሁ።

አሁን የግንቡ ኃላፊ ነኝ። ጎብኚ ሲመጣ ኮርቻው ፊት አቁሜ ልማዱን አስረዳለሁ፤ ጥሩ እንደምናገርም ይነገረኛል። በቅርቡ ከእንጅባራ የመጣች አንዲት ተማሪ «ታዲያ የዚህ ባለቤት ሲሞቱ ፈረሳቸው በዚሁ ኮርቻ ዞረ?» ብላ ጠየቀችኝ። አዎ አልኋት። እኔ፣ በጊዮርጊስ የማልሁት ሰውዬ፣ ፈገግ ብዬ አዎ አልኋት።

ይቅር በለኝ አልልህም፤ የበደልሁት አንተን አይደለም። ወጣት ነበርሁም አልልህም፤ አልነበርሁም። ስንዱ በሕይወት አለች። ለገበያ ወደ ከተማ ስትመጣ መንገድ ላይ እንገናኛለን፤ እጄን ይዛ ሚስቴንና ልጆቼን አንድ በአንድ ትጠይቀኛለች።

«ወንድሜ፣ የአባቴ ኮርቻ እንዴት ነው? ጥሩ አድርገው ጠገኑት?» ትለኛለች።

ጥሩ አድርገው ጠግነውታል እላታለሁ።