የመሪጌታ እሱባለው ውኃ

ሁለት ቀን ጠፍቶ የቆየው የቧንቧ ውኃ ባለፈው ሳምንት ሲመለስ፣ መጀመሪያ የወረደው ማድ ቤቱን በክሎሪን ሽታ ሞላው። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ «እማዬ፣ በረኪና ነው እንዴ?» አለችኝ። ሳቅሁና እጄን ቧንቧው ሥር እንደዘረጋሁ ቆሜ ቀረሁ። ያ ሽታ ሌላውን ሰው ሐኪም ቤት ያስታውሰው ይሆናል። እኔን የሚያስታውሰኝ መሪጌታ እሱባለውን ነው።

በልጅነቴ ባሕር ዳር ውስጥ፣ ከሐይቁ ብዙም ሳንርቅ፣ እሳቸው ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር። እናቴ ከደሴ መጥታ ፋብሪካ የተቀጠረች ሴት ስለነበረች መሪጌታ በስሜ ጠርተውኝ አያውቁም፤ «የፋብሪካዋ» ነበር የሚሉኝ። እሳቸው የደቅ ደሴት ተወላጅ ናቸው። በታንኳ ተሻግረው ለትምህርት እንደመጡ በዚያው መሪጌታ ሆነው ቀሩ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጋቢያቸው ከትከሻቸው የማይወርድ፣ ድምፃቸው ግን የሁለት ሰው ድምፅ የሚያህል ሰው ነበሩ። ጠዋት ጠዋት ግቢው ውስጥ እየተንጎራደዱ ዜማቸውን ሲያዜሙ እኛ ጥርሳችንን እየፋቅን እናዳምጣለን። ተሳስተው እንደሆነም የሚያርማቸው አልነበረም።

የዚያ ግቢ እመቤት ግን የውኃ ጉድጓዷ ነበረች። ከማንጎው ዛፍ ሥር ናት፤ አፏ በጥቁር ድንጋይ ተገንብቷል፤ ገመዱ ለዓመታት ሲፈገፍገው ድንጋዩ ላይ ቦይ ቦይ አውጥቷል። መቅጃዋ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተሠራች ስለሆነች ውኃውን ስትነካ «ዷ» ትላለች። የመሪጌታ ባለቤት አንድ ጊዜ በምጥ ተይዘው ከሞት አፋፍ ደርሰው ነበር አሉ። ያን ጊዜ መሪጌታ፣ በሰላም ከተገላገሉልኝ ውኃዬን ለማንም አልከለክልም ብለው ተሳሉ። ባለቤታቸውም ተገላገሉ። ከዚያ ወዲህ የግቢው በር ቀን ቀን ተዘግቶ አያውቅም፤ ቢጫ ጀሪካን ያንጠለጠለ ሁሉ ሳያንኳኳ ይገባል፣ ቀድቶ አመስግኖ ይወጣል።

እኛ በገባንበት ጊዜ ውኃው ደግሞ ጣዕም አውጥቶ ነበር። ጨው ጨው ይላል። የቦኖ ውኃ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል ተብሎ ለልብስ ማጠቢያ ሲቀር፣ ለመጠጥና ለጠላ የሚፈለገው የመሪጌታ ውኃ ነበር። ጎረቤታችን ጠላ ሻጯ እትዬ ጥሩ «ጠላዬን ያጣፈጠው ጌሾው መሰላችሁ?» እያሉ ይኩራሩበታል። አንዳንዱማ በረከት አለው ብሎ ለበሽተኛ ይወስድ ጀመር። መሪጌታ «ጠበል አይደለም አልሁ!» ብለው ይቆጣሉ እንጂ፣ በልባቸው ደስ ሳይላቸው አልቀረም።

ከተማው ግን እኛም ከመምጣታችን በፊት እየሰፋ ነበር። ከመራዊ፣ ከደልጊ፣ ከየአገሩ ሰው ይጎርፋል፣ የሚከራይ ቤት የለም። መሪጌታ የሰው መንከራተት አላስችል ብሏቸው ከጓሮ አራት ክፍል ሠሩ፤ አንዱ የእኛ ሆነ። ለተከራዮችም ሽንት ቤት አስቆፈሩ። ከጉድጓዷ ጥቂት እርምጃ ቢርቅ ነው፤ ማንም ምንም አላለም። የባሕር ዳር መሬት ክረምት ሲገባ ምን እንደሚሆን ሁላችንም እናውቃለን፤ በአካፋ ጫር ሲያደርጉት ውኃ ያቁራል። ግን ከላይ ያየነውን ጭቃ ስንራገም ከሥር ማን ከማን ጋር እንደሚገናኝ አላሰብንም።

እኛ ከገባን በዓመቱ፣ በክረምት፣ የአራት ዓመቷ እህቴ መቅደስ ታመመች። ትኩሳቱ እንደ ምድጃ ያነድዳታል፤ የበላችው አይረጋላትም። ጤና ጣቢያ ታይፎይድ ነው አሉ። በዚያው ሳምንት ከሰፈራችን ሌሎች ሕፃናትም ተኙ። እናቴ ከፋብሪካ እረፍት ወስዳ አልጋዋ ሥር ተቀመጠች፤ እኔ ጉድጓዷ ዘንድ እየተመላለስሁ ውኃ አቀርባለሁ። ዛሬ ሳስበው ይዘገንነኛል፤ በገዛ እጄ ነበር የማጠጣት።

ከጤና ጣቢያው አንዲት ወጣት ነርስ መጣች፤ ሲስተር ውብዓለም ትባላለች። ውኃ የምትቀዱት ከየት ነው ብላ ጠየቀች፣ ከጉድጓዷ በትንሽ ጠርሙስ ቀድታ ሄደች። ስትመለስ ፊቷ ልክ አልነበረም። መሪጌታን የሚያህል ሰው ፊት ቆማ የጠርሙሱን ክዳን ታሽከረክራለች።

«ምን ሁነሽ ነው ልጄ? ተናገሪው እንጅ» አሏት።

«መሪጌታ፣ ውኃው ተበክሏል። ሽንት ቤቱ ቀርቦታል።»

ሊቀዱ የመጡት እትዬ ጥሩ ቀድመው ጮሁ። «ይህን የመሰለ ውኃ! መድኃኒት የሚሸተውስ ያንች ቧንቧ አይደለም እንዴ? ይኸ እንኳን ሊያሳምም ጣዕሙ ብቻ ያድናል!»

ሲስተር ውብዓለም አንገቷን ደፋች። «እትዬ፣ ጣዕሙም… ከዚያው ሳይሆን አይቀርም።»

እትዬ ጥሩ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። ሌላ ቀን ቢሆን ሰፈሩ ለወር የሚስቅበት ነገር ነበር። መሪጌታ ግን ወደ እኛ በር ዞሩ። «ሕፃኗ የጠጣችው ከዚህ ነው?» አሉ። እናቴ አለቀሰች።

መሪጌታ ያን ቀን እህል አልቀመሱም። ነገሩ ለእሳቸው ቀላል አልነበረም፤ ጉድጓዱን ቢዘጉ ስእለታቸውን ማፍረሳቸው ነው፣ ቢተዉት ደግሞ ልጆች ሊያልቁ ነው። ሲነጋጋ ከማንጎው ሥር ቆመው አየኋቸው። የጉድጓዱን አፍ በሳንቃ ከደኑ፣ ሳንቃው ላይ ድንጋይ ጫኑ፣ መቅጃዋንም ፈትተው ወደ ቤት ይዘው ገቡ። ባለቤታቸው «ስእለቱስ?» ሲሏቸው «የተሳልሁት ውኃ ላጠጣ ነው፤ በሽታ ላጠጣ አይደለም» ሲሉ ሰማሁ።

ልማድ ግን በሳንቃ አይዘጋም። ሰዉ ጀሪካኑን ይዞ መምጣቱን አላቆመም። ስለዚህ መሪጌታ በር ላይ በርጩማ አውጥተው፣ የቀረውን ክረምት በሙሉ ዣንጥላ ዘርግተው ተቀመጡ። የመጣውን ሁሉ ከመቀመጫቸው ተነሥተው «ልጄ፣ ውኃዬ ታሟል፤ ይቅር በለኝ፤ ቦኖው በዚያ ነው» ይሉታል። አንዳንዱ ሰስተው ነው ብሎ አማቸው። ሰምተውታል፤ በማግሥቱም በርጩማቸው ላይ ነበሩ።

ሽንት ቤቱን አስደፍነው በግቢው ወዲያኛው ጥግ፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ሌላ ሊያሠሩ ተነሡ። ሲስተር ውብዓለም ርቀቱን በሜትር ብትነግራቸው «እኔ ሜትር አላውቅም» አሉና መቋሚያቸውን አመጡ፤ በማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉበትን ረጅም ዘንግ። ከጉድጓዷ ጀምረው አንድ፣ ሁለት እያሉ መሬት ላይ እያጋደሙ ሃያ ጊዜ ለኩ። ሃያኛው ላይ ሲደርሱ «ለማንኛውም» ብለው አንድ ጨመሩ። ነገሩ ሰፈር ውስጥ ተወራ። ብዙም ሳይቆይ ሽንት ቤት የሚያስቆፍር ሁሉ መሪጌታን ከነመቋሚያቸው ይጠራቸው ጀመር። «ከማኅሌት የቀረሁበትን በጉድጓድ ልካስ» እያሉ ይሄዱለት ነበር።

ከዚያ የቧንቧ ማመልከቻ ይዘው ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። መስከረም ጠብቶ ጭቃው ሲጠና ቧንቧው ገባላቸው። የቧንቧው ሠራተኛ ግቢ ውስጥ ሊተክል ሲል ክንዱን ይዘው ከአጥሩ ውጭ አወጡት፤ የቧንቧውን አፍ ወደ መንገዱ አዞሩት። በዚያን ቀን ሰፈሩ ተሰበሰበ። መሪጌታ ጋቢያቸውን አደግድገው «ያንን ውኃ ያጠጣኋችሁ እኔ ነኝ። ሳላውቅ ነው፤ ይቅር በሉኝ» አሉ። ያ ትልቅ ድምፅ ያን ቀን አነሰ። ሽማግሌዎቹ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ» አሏቸው። ቧንቧውን ከፍተው በመጀመሪያ ራሳቸው ጠጡ፤ ፊታቸውን እንደ ኮሶ ጠጪ አጨፈገጉና «ይሸታል። ይሽተት!» ሲሉ ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ።

መቅደስ ያን ጊዜ ድና፣ ከስታ፣ በእናቴ ጀርባ ላይ ነበረች። መሪጌታ ኩባያውን ሞልተው ለሁሉም ያድላሉ፤ እኛ ዘንድ ሲደርሱ ግን እጃቸው ቆመ። ኩባያውን ለእናቴ ሰጥተው ሊያልፉ ነበር። እናቴ መቅደስን ከጀርባዋ አወረደችና ፊታቸው አቆመቻት። «መሪጌታ፣ እርስዎ ያጠጧት» አለች። ጎንበስ ብለው አጠጧት። ውኃው አገጯ ላይ ሲፈስ በጋቢያቸው ጠርዝ ጠረጉላት። ከዚያ የራሳቸውን ዓይን ጠረጉ፤ እኔም አለቀስሁ።

መሪጌታ ካረፉ ቆይተዋል። ከተማችን ዛሬ ሌላ ጣጣ አላት፤ ቱቦው በፕላስቲክ ይታፈናል፣ ሐይቁን እምቦጭ ይተናነቀዋል። ሰው ሲያማርር ስሰማ እኔም አማርራለሁ። ግን ተስፋ መቁረጥ አልሆንልኝ ይላል፤ አንድ ሰው «ጥፋቱ የእኔ ነው» ብሎ በርጩማ አውጥቶ ሲቀመጥ ሰፈር ሲለወጥ አይቻለሁና።

በቀደም በዚያ ሰፈር አለፍሁ። ማንጎው ተቆርጦ የመሪጌታ ልጆች ፎቅ ሠርተዋል፤ አዲሱ የድንጋይ አጥርም ቀጥ ብሎ ይመጣና አንድ ቦታ ላይ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ የመሪጌታን ቧንቧ ይዞራል። ግንበኛው ቀጥ ይበል ቢላቸው እምቢ አሉት አሉ። አንድ የባጃጅ ሹፌር ባጃጁን አቁሞ እዚያች ጎድጓዳ ውስጥ ጎንበስ አለ፤ ጠጣ፣ ፊቱን ታጠበ፣ ጠርሙሱን ሞላ፣ ቧንቧውን ጥብቅ አድርጎ ዘግቶ ሄደ። ከማን ግቢ እንደጠጣ አልጠየቀም፤ የከለከለውም የለም።