ሐይቅ ዳር ያለው ጎረቤታችንና የማለዳው ሞተር

ጊዜያችሁን የማያስቆጭ ጉድ ላውራችሁ። ከአጎቴ ጋር ከሳን ሆዜ ወጣ ብላ ባለች የሐይቅ ዳር መንደር እንኖር ነበር። ማለዳ ለሥራ ወደ ከተማ ከመውረዳችን በፊት አሮጌ መኪናችንን አስነስተን እናሞቅ ነበር፤ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ካርቡሬተር ያለው የድሮ ሞተር በብርድ ጊዜ ካልሞቀ መንገድ ላይ ይጠፋል። ጎረቤታችን አንድ ቀን በፒጃማ መጣብን።

«እንቅልፍ ነሳችሁኝ! ላንድሎርዱ ጋ ኮል አድርጌ ከተከራያችሁት ቤት አስወጣችኋለሁ!»

ስለ ካርቡሬተር ላስረዳው ብል ጭራሽ ባሰበት። ደሜ ፈላ። አጎቴ በር ላይ ቆሞ ፍርፍር እየበላ ነበር፤ ሰውዬውን በዚያ ለጩኸት በተከፈተ አፉ አጎረሰው። ሰውዬው አኘከ፣ ሁለተኛ ጉርሻም ተቀበለና ወደ ቤቱ ሄደ።

«ጋሼ፣ ሊያስወጣን የዛተውን ሰው ያጎርሳሉ?» ብዬ ተንጨረጨርኩ።

«ርቦት እኮ ነው!»

ቅዳሜ ሥራ ስለሌለን ተኝተን ሳለን በራችን ተደበደበ። ያው ሰውዬ ነው፣ ባዶ ሳህን ይዟል።

«ዛሬ ሞተሩን የማታስነሱት ለምንድን ነው?» ብሎ ጮኸብኝ።

የሚጮህባችሁ ጎረቤት ካለ እናንተም ሞክሩት፤ ፍርፍሩን ግን አብዝታችሁ ሥሩ።