ደላላው ግስ

ልጅ ሳለሁ መቱ ላይ መብራት ሲጠፋ የሚበሳጩት ትልልቆቹ ብቻ ነበሩ። እኛ የሰፈሩ ልጆች ያኔ ተሽቀዳድመን ጋሼ ደበላ ቤት እንገባለን። ጋሼ ደበላ ዕድሜያቸውን በቡሬ ከብት ገበያ በድለላ ያሳለፉ፣ ጉልበታቸው ሲደክም ልጃቸው ዘንድ የገቡ ጎረቤታችን ነበሩ። እርጥቡ እንጨት እየጨሰ፣ እኛ ዓይናችንን እያሸን፣ እሳቸው ፍሙን እየቆሰቆሱ ተረታቸውን ግማሹን በአማርኛ፣ ግማሹን በኦሮምኛ ያወሩልናል። ልብ የሚሰቀልበት ቦታ ሲደርሱ ደግሞ ያቆማሉ፤ «ቀሪው ነገ!» ደንበኛ እንዴት እንደሚመለስ ያውቁ ነበር።

አባቴ ቢሮ የሚሠራ፣ ሳቅ የማያበዛ ሰው ነበር። አንድ ጊዜ በእንግሊዝኛ ወደቅሁና ፈረደብኝ፤ «የሚቀጥለውን ካላለፍክ ተረት የሚባል ነገር የለም!»

የሚቀጥለው ፈተና ሊንኪንግ ቨርብ ነበር፤ ድርጊት የሚሠራውን ግስ፣ ባለቤቱን ከመግለጫው ጋር ከሚያገናኘው ግስ መለየት። መምህራችን ደጋግሞ ቢያስረዳንም ለእኔ ሁሉም አንድ መሰለኝ። ለጋሼ ደበላ አማረርኩ።

«ሳይሸከም፣ ሳይነዳ፣ መሃል ቆሞ ሁለቱን ያገናኛል ነው የምትለኝ?»

«አዎ፣ ጋሼ።»

«ታዲያ ምኑ ይከብዳል? ደላላ ነዋ!»

የዚያን ምሽት ተረት፣ ከደብተራችን ባስነበቡን ግሶች ስም፣ ኢዝ («ነው») ስለሚባል ጦጣ፣ ስለ አራዊቱ ገበያ ዋና ደላላ ሆነ። ኢዝ ሲታመም ዘመዶቹ ሉክ («መሰለ»)፣ ፊል («ተሰማ») እና ስሜል («ሸተተ»፣ «አሸተተ») ይተኩታል። «ግሱ ካጠራጠራችሁ አስወጡትና ኢዝን በቦታው አቁሙት» አሉን፤ «ገበያው ካልፈረሰ ደላላ ነው፤ ከፈረሰ ተሸካሚ ነው።» እኛ ከደብተራችን እያነበብን ሞከርን። ሾርባው ጥሩ ሸተተ በሚለው ላይ ኢዝ ገባ፤ ሾርባው ጥሩ ነው፣ ገበያው ቆመ። ውሻው ሥጋውን አሸተተ በሚለው ላይ ሲገባ ግን ውሻው ራሱ ሥጋ ሆኖ አረፈው። በሳቅ ወደቅን።

ፈተናው ላይ ሁሉንም ለየሁ። ችግሩ፣ የሰፈራችን ልጆች በሙሉ ከየግሱ ሥር «ደላላ»፣ «ተሸካሚ» ብለን መጻፋችን ነው። መምህሩ ተኮራርጀዋል ብሎ ዜሮ ሰጠንና ወላጅ አስጠራ። አባቴ እኔን ይዞ ሲሄድ ጋሼ ደበላም የገበያ ዱላቸውን ይዘው ተከተሉት።

«ዜሮ ነው» አለ መምህሩ።

«ልጄ ሌባ አይደለም! አስር ከአስር ነው» አለ አባቴ።

ጋሼ ደበላ ዱላቸውን ግድግዳ አስደግፈው መሃል ገቡ። «ሜ፣ እስቲ እጃችሁን ወዲህ በሉ!» ብለው፣ ገዢና ሻጭ እንደሚያስማሙ ሁሉ የሁለቱንም እጅ ያዙ።

«ጋሼ፣ እዚህ ትምህርት ቤት ነው!» አለ መምህሩ እጁን እየጎተተ።

«በሬማ ቢሆን እስካሁን በጨረስኩ! ልጁን ጠይቀውና ዋጋውን እንነጋገራለን።»

መምህሩ ወደ እኔ ዞሮ «ዘ ቲቸር ሉክስ አንግሪ» አለ። መምህሩ የተቆጣ ይመስላል ማለቱ ነው። ፊቱን አየሁት፤ ኢዝን አስገባሁ፤ መምህሩ ተቆጥቷል። ገበያው አልፈረሰም።

«ሉክስ ደላላ ነው፣ ቲቸር!»

መምህሩ ሳቁ አመለጠው። «እሺ፣ ስድስት» አለ። አባቴ ዘጠኝ ላይ ቆመ። ስምንት ላይ ሲደርሱ ጋሼ ደበላ ሁለቱን እጆች አጋጭተው «በቃ፣ ተሸጠ!» አሉ። «የድለላዬን ደግሞ ዛሬ ማታ መጥታችሁ ተረት በመስማት ትከፍላላችሁ።»

ያን ማታ መብራት ነበረ፤ ጋሼ ደበላ ግን አጥፉት አሉ። መምህሩ ከእኛ ጋር ሰሌን ላይ ተቀመጠ። አባቴ በሩ አጠገብ፣ ቶሎ ሊሄድ ያሰበ ሰው ይመስል በርጩማ ጫፍ ላይ አረፈ። ጦጣው በጅብና በአህያ መሃል ሊያደራድር ሲገባ ጋሼ ደበላ እንደ ልማዳቸው አቆሙ።

ዛሬ እኔም በንግድ የጎለመስኩ ሰው ነኝ፤ ከመምህሩ እንግሊዝኛ የቀረኝ ጥቂት ነው፣ የተረቱንም መጨረሻ ረስቼዋለሁ። የማልረሳው ግን ከጨለማው ውስጥ ከበሩ በኩል የመጣውን የአባቴን ድምፅ ነው።

«ከዚያስ?»