የፒካፓችን የእሑድ ትኩሳት

እኔ ሲበዛ ቁጡ ነኝ፤ ሌላ ሰው ከሚነግራችሁ ራሴ ልንገራችሁ። ነርስ ሆኜ የሠራሁባቸው ዓመታት በሽተኛ ላይ እንዳልጮህ አስተምረውኛል። መኪና ላይ እንዳልጮህ ግን ያስተማረኝ የለም። ስለዚህ ያን ሰሞን ግቢያችን መሐል ቆሜ የአባቴን ፒካፕ ስሰድብ ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል።

ፒካፑ በዕድሜ ከእኔ ቢያንስ በጥቂት ነው። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ሾፌርነት ሠርቶ፣ ጡረታ ሲወጣ “አሁን ደግሞ የራሴን ልንዳ” ብሎ የገዛው ነው። የፊት መብራቱ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም፤ የግራው በር ከውስጥ አይከፈትም። አባቴ ግን በየጠዋቱ በጨርቅ ሲወለውለው ላየ ሰው ትናንት ከመርከብ የወረደ ይመስላል።

ከጥምቀት ወዲህ የሙቀት ጌጁ አበደ። ከአዘዞ ወደ ጠዳ ስንሄድ ግማሽ ላይ ተኝቶ የነበረው ጠቋሚ ሳይታሰብ ሽቅብ ወደ ቀዩ ይወጣል። እኔ “አቁመው! አቁመው!” እያልኩ ስጮህ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ተመልሶ ይወርዳል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ይወጣል።

ይህ በሌላ ጊዜ ቢሆን ምንም አልነበረም። ነገር ግን በጥምቀት ሰሞን አዲ አርቃይ ያለችው የአባቴ ታላቅ እህት “ፋሲካን እኔ ዘንድ ካልዋልክ እህት አለኝ አትበል” ብላ ልካበታለች። አባቴም ራሴ ነድቼ ካልሄድኩ ብሏል። ወደዚያ ለመሄድ ደግሞ ከደባርቅ በኋላ ሊማሊሞን መውረድ ግድ ነው። ያን ገደል፣ ያን ጠመዝማዛ፣ በዚህ መኪና!

“እኔ ቆሜ እያለሁ አይደረግም!” አልኩት። አፌ ብቻ ሳይሆን እጄም ፈጥኖ፣ ጠዳ ላለ አንድ የሽንኩርት ነጋዴ ደውዬ መኪናውን ሊገዛ በወሩ ሰኞ መጥቶ እንዲያየው ቀጠርኩት። አባቴ አልተቆጣም። “እስከ ቀጠሮው ሰኞ ድረስ ካዳንሽው አይሸጥም” አለኝ። “ካላዳንሽው ይሸጥ፤ እኔም ከዚያ በኋላ መሪ አልጨብጥም።” ያለመቆጣቱ ሳይገርመኝ መቅረቱ ዛሬ ድረስ ያናድደኛል።

የአዘዞው መካኒካችን ሸጋ ሰው ነው፤ ወሬ ይወዳል እንጂ እጁ አይታማም። መጀመሪያ ሙቀቱን ለጌጁ የሚነግረውን ቡልቦ ቀየረ። በሳምንቱ ስንመለስ፣ ሞተሩ ሲግል ለውሃው መንገድ የሚከፍተውን ቴርሞስታት አውጥቶ የፈላ ውሃ ውስጥ ጨመረና ሲከፈትና ሲዘጋ አሳየኝ። ከዚያም ነድተን ዞረን፣ ዞረን፣ ጠቋሚው ግማሹ ላይ ተኝቶ ንቅንቅ አልልም አለ። “እህቴ” አለኝ፣ “ይህ መኪና ከእኔም ከአንቺም ጤነኛ ነው።” በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ሕመሙ እንደሚጠፋው ማለት ነው። ይህን ዓይነቱን በሽተኛ በደንብ አውቀዋለሁ።

እኛ ዘንድ ትኩሳቱ የሚወጣና የሚወርድ ሰው ሲተኛ፣ አልጋው ላይ ሰንጠረዥ ይንጠለጠልና በየሰዓቱ ይሞላል። እኔም አንድ ባዶ ሰንጠረዥ አምጥቼ ከመሪው ሥር በክር አንጠለጠልኩ። “አባዬ፣ በነዳህ ቁጥር ጠቋሚው የደረሰበትን ነጥብ አድርግ” አልኩት። “የደም ግፊቱንስ አልለካም?” ብሎ ሳቀብኝ። ነጥቡን ግን እንደ ታማኝ ተማሪ ያደርግ ነበር።

ከአንድ ሳምንት በኋላ፣ ማክሰኞ ጠዋት፣ አብሬው ኮፈኖውን ከፈትኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ ዘይትና ውሃ ማየት ከመሥሪያ ቤት ጀምሮ የያዘው ልማዱ ነው፤ የዓለም መጨረሻ ማክሰኞ ቢውል መጀመሪያ ዘይቱን ያያል። እጁን የራዲያተሩ ክዳን ላይ አሳረፈ። ክዳኑ ሳይታገል ዞረ። አባቴ ፈጠን ብሎ ሊያጠብቀው ሲል ያዝኩት።

“ይሄ ልቅ ነበር?”

 የራዲያተር ክዳን ሁለት ጊዜ ነው የሚይዘው። መጀመሪያ ቀጭ ይላል፤ ከዚያ ተጭነው ሲያዞሩት ደግሞ ይጠብቃል። በመጀመሪያው ላይ ከቀረ፣ ሞተሩ ሲግል ውሃው ይሸሻል፣ አየር ይገባል፣ ጠቋሚውም ይዋልላል። ይህን ያስተማረኝ ራሱ አባቴ ነው። “ተገኘ! በሽታው ተገኘ!” ብዬ ዘለልኩ።

“በሽታው የመኪናው አይደለም” አለ አባቴ። “የእኔ ነው።”

ደስታዬ አፌ ላይ ቀረ። ውሃ እየሞላ በየማክሰኞው አጥብቆ እንደሚዘጋው፣ በየማክሰኞው ደግሞ ልቅ ሆኖ እንደሚያገኘው ነገረኝ። “የዘጋሁት ይመስለኛል። ለካስ አልዘጋሁትም። አባቴ በመጨረሻ ዘመኑ የእኛን የልጆቹን ስም ሳይቀር ረስቶ ነው የሞተው፤ የጀመረውም እንዲህ በትንሽ በትንሹ ነው። ይሸጥ ልጄ። እናትሽን ይዤ ገደል ከመግባቴ በፊት ይሸጥ። ለእሷ ግን እንዳትነግሪያት።”

ለካስ ያልተቆጣው ለዚህ ነው!  ሥራዬ ነውና ወዲያው ዛሬ ቀኑ ስንት ነው፣ ወሩ ማን ነው እያልኩ መጠየቅ ጀመርኩ። ሁሉንም መለሰና “ምነው፣ ልታስተኚኝ ነው?” አለኝ። ሳቅሁ፤ ግን ሥራ ገብቼ ቀኑን ሙሉ ልቤ አልተረጋጋም። የዓመታት ትዝታዬን እየፈተሽኩ ምን ረስቶ ያውቃል እያልኩ ዋልኩ።

ሰንጠረዡን ደግሜ ያየሁት ዓርብ ዕለት ነው። ረቡዕ፣ ሐሙስ፣ ዓርብ፦ ቀጥ ያለ መስመር። ያለፈው እሑድ ከሰዓትና ሰኞ፦ ዳገትና ቁልቁለት። ቆይ ቆይ! አባቴ ማክሰኞ ሳያጠብቀው የሚረሳ ቢሆን መዋለሉ ረቡዕ መጀመር ነበረበት እንጂ እሑድን ምን ቀጠረው? መካኒኩ ዘንድ የወሰድነውም ሁለቱንም ጊዜ ሐሙስ ነበር። ይህ ትኩሳት እሑድ እሑድ ከውጭ የሚመጣ ነው፤ አንድ ሰው ክዳኑን ይነካዋል።

የእሑድ ተራዬን ከጓደኛዬ ጋር ተለዋወጥኩ፤ ቤት ግን ሥራ ነኝ አልኩ። ወላጆቼ በእግራቸው ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ እኔ ጓዳ ገብቼ ሻዬን ይዤ መስኮቱ ሥር ተቀመጥኩ። ቅዳሴ ሲወጣ አባቴ ለሰንበቴው ከማኅበርተኞቹ ጋር ይቀራል፤ እናቴ ቀድማ ትመጣለች። መጣች። ነጠላዋን አጣፍታለች፣ በእጇ የፕላስቲክ ጠርሙስ ይዛለች። ግራና ቀኝ አየች። ከዚያ ያቺ መሪ ፊት ተቀምጣ የማታውቅ እናቴ የፒካፑን በር ከፍታ፣ እጇን ሰድዳ የኮፈኖውን መክፈቻ መሪ ላይ ጥርሱን እንደነቀለ ሾፌር ሳብ አደረገችው!

ሻዬን ጥዬ ወጣሁ። ስደርስ ክዳኑን አንሥታ፣ እያማተበች፣ “አደራህን፣ ያን ገደል በሰላም አሳልፈው” እያለች ከጠርሙሱ ታንቆረቁራለች።

“እማዬ!”

“በስመአብ! ልትገድይኝ ነው?”

“ምንድን ነው የምትጨምሪው?”

“ጠበል ነዋ።”

“ለራዲያተር?”

“ምነው? ለሰው የሆነ ለእሱ ያንሰዋል?” አለችኝ ቆጣ ብላ። ቁጣዬን ከማን እንደወረስኩት አሁን ገባችሁ። “አባትሽ ሊማሊሞን እወርዳለሁ ካለ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። አትሂድ ብለው መች ይሰማኛል? ጠበሉን በግልጽ ላድርግበት ብል ደግሞ ይስቅብኛል።”

“ክዳኑንስ ምነው አታጠብቂውም?”

“ዘግቼዋለሁ! ቀጭ ሲል ሰምቻለሁ!”

እዚያው መሬት ላይ ተቀምጬ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅሁ። ከዚያ አባቴ ትዝ አለኝ፤ ሳቄም ተቋረጠ። እንዳትነግሪያት ያለኝን ነገርኳት። ጠርሙሱን ይዛ ድርቅ ብላ ቆመች። “ይህን ሁሉ ሳምንት?” አለች። “አጠገቤ እየተኛ? በእኔ ምክንያት?” እኔ ልንገረው ስላት “እኔ ያበላሸሁትን እኔው እናገራለሁ” ብላ በሩ ላይ ሄዳ ጠበቀችው።

አባቴ ጋቢውን እንደለበሰ ገባ። ገና “እንደምን ዋላችሁ” ሳይል ጀመረችው።

“አንተ፣ ክዳኑን የምከፍተው እኔ ነኝ።”

“የምኑን ክዳን?”

“የመኪናውን። እሑድ እሑድ። ጠበል ላደርግበት ብዬ።”

አሁን ይቆጣል ብዬ መሐላቸው ልገባ ተጠጋሁ። አባቴ ግን እሷን ትቶ መኪናውን አየ፣ ከዚያ እኔን፣ ከዚያ ተመልሶ እሷን።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከጥምቀት ወዲህ።”

“እንግዲያስ ማክሰኞ ዘግቼው ነበር” አለ ቀስ ብሎ። “ሁሉንም ማክሰኞ ዘግቼው ነበር።”

“ዘግተኸው ነበር።”

“አልረሳሁም።”

“ኧረ ምኑን ትረሳለህ! የሠርጋችን ዕለት የተቀየምከኝን እንኳ አልረሳህም።”

የጋቢውን ጫፍ ፊቱ ላይ አደረገ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እየሳቀ ይሁን እያለቀሰ አላወቅሁም፤ ሁለቱንም ይመስለኛል። እኔማ ቁጡዋ ልጅ ፊቴን አዙሬ የመኪናውን መስተዋት በቀሚሴ እወለውላለሁ።

ሲረጋጋ ድምፁ የድሮው ሾፌር ድምፅ ሆኖ ወጣ። “ለነጋዴው ደውይና ይቅርታ በይልኝ። ፋሲካን አዲ አርቃይ ነን፤ እናትሽም ከፊት ትቀመጣለች።” ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀመጠና እናቴን አጠገቡ ሳብ አደረጋት።

“እስቲ ድገሚልኝ” አላት። “ማን ነው የሚከፍተው?”

“እኔ ነኝ አልኩህ እኮ።”

ሦስት ጊዜ አስደገማት።