የማን ዘር ነው የምትሰበስቢው?

ቺሮ በሚገኘው ቢሯችን ሥራ የጀመርኩ ዕለት የተሰጠኝ የመጀመሪያ ትእዛዝ «ትፊ» የሚል ነበር። አስተባባሪያችን አቶ ግርማ ጣት የምታክል የፕላስቲክ ቱቦ ሰጡኝ። «እስከዚህች መስመር ድረስ። ራስሽ ሳትሞክሪው ሰውን ትፋ አትይም» አሉኝ። ሰው እያየኝ መትፋት አሳፈረኝ። ከሕንፃው ጀርባ ሄጄ ሞላሁት። ስመለስ ሾፌራችን ከድር «አቦ፣ ይቺ ልጅ ምራቋንም ደብቃ ነው የምትተፋው!» ብሎ አሳቀብኝ።

ጥናታችን የማጨስና የመጠጣት ጠባይ ምን ያህል ከወላጅ እንደሚወረስ የሚጠይቅ ነው። አንዱ ሲጋራ ሞክሮ ይተዋል፣ ሌላው መተው ያቅተዋል። የአንዱ ሰውነት ኒኮቲንን ቶሎ ጨርሶ ሌላ ይጠይቃል፣ የሌላው ያቆየዋል። ኑሮም ጓደኛም ምክንያት ይሆናሉ፤ ከፊሉ ግን ከእናት ከአባት የሚመጣ ነው። እኛ መረጃ ሰብሳቢዎች ጠይቀን፣ ምራቅ ተቀብለን፣ ክዳኑን አጥብቀን፣ ቱቦው ላይ በስም ፈንታ ቁጥር እንለጥፋለን። ከዚያ በፊት አፍ ለግማሽ ሰዓት ባዶ መሆን አለበት፤ ምግብ፣ ሲጋራ፣ ጫት አይነካም። ስለዚህ በእኛ አገር ሥራው ከምሳ በፊት ማለቅ አለበት። ከበርጫ፣ ከከሰዓቱ ጫት ቅሚያ፣ በኋላ የሚመጣው ምራቅ አረንጓዴ ነው።

ለሰው የምናነበው ጽሑፍ «የዘረመል ጥናት» ይል ነበር። ሥልጠናው ላይ ድምፄን ዝቅ አድርጌ፣ «ሰው እኮ ‹ዘር› የምትለዋን ብቻ ነው የሚሰማው» አልኩ።

«ሳይንሱ የሚለው ነው» አሉ አቶ ግርማ። «አንቺ አንብቢ።»

ሚኤሶ ላይ አዴ መይሙና ለጭነት መኪና ሾፌሮች ሻይ የሚሸጡ እናት ናቸው። ጠዋት ጓዳቸው አስገብተውኝ መጋረጃውን ሳቡት።

«የነስሮን አባት ጉበት ገደለው ብለን ቀበርነው» አሉኝ። «ወላሂ፣ አረቄ ነው። ተደብቆ ነበር የሚጠጣው። ሰፈሩ አያውቅም፣ ነስሮም አያውቅም። አሁን ልጁ ከመኪና ሲወርድ አፉ አረቄ ይሸተኛል። ይወረሳል እንዴ?»

ነስሮ አንድ ልጃቸው ነው፤ የጭነት መኪና ረዳት ነው።

«የሚወረስ ነገር አለ። ግን ልጁ የግድ እንዳባቱ ይሆናል ማለት አይደለም» አልኩ። «ጥናቱም ለአንድ ሰው ለብቻው መልስ አይሰጥም።»

«ባይሰጥም እተፋለሁ። ብቻ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ቃል ገባሁ።

ከዚያ ሻይ ቤቱ ደጅ ላይ ለአንድ ሾፌር ጽሑፉን ማንበብ ጀመርኩ። «የዘረመል» እንዳልኩ ማዶ ፑል የሚጫወት ወጣት ዱላውን እንደያዘ መጣ።

«የማን ዘር ነው የምትሰበስቢው?»

«ዘር አይደለም፣ ዘረመል…»

«ሰማችኋት? ዘር አለች!»

ሰው ተሰበሰበ። ወጣቱ ቦርሳዬን ነጥቆ ከፈተና አንዱን ቱቦ ከፍ አድርጎ አሳየ። «ቁጥር ሰጥተውናል! ዘራችንን ቆጥረውናል!» ስም ያልጻፍነው የሰውን ምስጢር ለመጠበቅ ነበር። ያን ዕለት ቁጥሩ ከስም ባሰ።

ከድር በኦሮምኛ ሊያስረዳ ሞከረ። «አንተ ዝም በል፣ እንጀራህ እሷ ጋ ነው» አሉት። አንዱ ድንጋይ አነሳ። መኪናችን በሰው ተከቧል። ጀርባዬን ከግድግዳው ለጠፍኩ።

«ጠዋት እዚህ ቤት ገብተሻል» አለኝ ባለ ዱላው። «አዴ መይሙናን ምን ብለሽ ነው ያስተፋሻቸው? እሱን ንገሪንና ሂጂ።»

መልሱን አውቀዋለሁ። ግን ቃል ገብቻለሁ። ዝም ስል ይበልጥ ተጠጉኝ።

አዴ መይሙና የሻይ ማንኪያ እንደያዙ ሰዉን ሰንጥቀው ወጡ። «አንተ መጀመሪያ ምራቅህን ዋጥ!» አሉት ወጣቱን። ጥቂት ሰዎች ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም።

«እኮ፣ የእርስዎን ምራቅ ለምን ወሰደች?»

አዴ መይሙና ወደ እኔ አዩ። ወደ ድንጋዩም አዩ።

«ባሌን የገደለው መጠጥ ነው» አሉ፤ መጀመሪያ በኦሮምኛ፣ ቀጥሎ በአማርኛ፣ ጮክ ብለው። «ጉበት ያልኳችሁ ውሸት ነው። ለልጄ ፈርቼ ነው የተፋሁት። የማንንም ዘር አልጠየቀችኝም።»

አንድ ሽማግሌ «አስተግፊሩላህ» አሉ። ድንጋይ የያዘው ሰው ጣለው። ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ቱቦውን ወደ ቦርሳዬ መለሰና ቦርሳውን ሰጠኝ። ከድር ክንዴን ይዞ መኪናው ውስጥ አስገባኝ።

በመስኮት ሳይ፣ ከሰዎቹ ኋላ እጁ እስከ ክርኑ ግሪስ የሆነ ልጅ ቆሟል። አዴ መይሙና «ነስሮ!» ብለው ሲጠሩት ማንነቱን አወቅሁ። ፊቱን አዙሮ ወደ አስፋልቱ ሄደ። እሳቸውም ማንኪያውን እንደያዙ ተከተሉት።

በማግስቱ አቶ ግርማ «ታዲያ ጽሑፉ ላይ ‹ዘረመል› የሚለውን ምን እንበለው?» አሉኝ።

«ከእናት ከአባት የሚወረስ ጠባይ» አልኩ።

ጽሑፉ ተለወጠ። አንድም ቱቦ ባለመጥፋቱ አመሰገኑኝ።

ዛሬም ወደ ሚኤሶ ስንወርድ ፍርሃት ፍርሃት ይለኛል። ሻይ ቤቱ ክፍት ነው። አዴ መይሙና በኦሮምኛ «ኢንተላ ኮ»፣ ልጄ፣ ብለው ይቀበሉኛል። ስለ ነስሮ እኔ አልጠይቅም፣ እሳቸውም አያነሱም።

ይህን ሥራ ለምትጀምሩ የምለው ይህ ነው፦ የምታነቡትን ቃል አስቀድማችሁ ለሚሰማው ሰው አሰሙት። ቃሉ ሲበላሽ ዋጋውን የሚከፍለው ቤቱን የከፈተላችሁ ሰው ነው።