የተመለሰው ቡና

እናቴ ወንድሜን ከጦርነት ያተረፈው ቡና ነው ብላ ታምን ነበር። ነገሩ ጨርሶ ከመሬት የተነሣ አልነበረም። በደርግ ዘመን መጨረሻ ገደማ፣ ከእኛ የሚወጣው የሐረር ቡና ወደ ምሥራቅ ጀርመን ይሄዳል፣ በምትኩ ካሚዮንና ማሽን ይመጣል፣ ልጆቻችንም እዚያ ሙያ ይማራሉ ይባል ነበር። ወንድሜ ብየዳ ሊማር የሄደው በዚህ ወዳጅነት ነው። እኩዮቹ ሁርሶ ማሠልጠኛ ገብተው ከዚያ ወደ ሰሜን ግንባር ሲጋዙ፣ እሱ በአውሮፕላን ተሳፈረ።

እኔና እናቴ ድሬዳዋን የሚከፍለውን የደቻቱን ወንዝ ተሻግረን አንድ መጋዘን ውስጥ ቡና እንለቅም ነበር። የሚከፈለን በጨረስነው ጆንያ ልክ ስለሆነ ሁሉም ይቸኩላል። እናቴ ግን የራሷን ሁለቴ ለቅማ አይበቃትም፤ የጎረቤቶቿን ሰፌድ እየሳበች እንደገና ታየዋለች። አንድ ጥቁር ፍሬ ካገኘች የዚያን ቀን ሰላም የለንም።

«አዴ፣ ወላሂ ሰዎቹ ይጠጡታል እንጂ አንገታቸው ላይ አያንጠለጥሉትም» አለቻት አንዴ አጠገባችን የምትለቅም ሴት። መጋዘኑ በሳቅ ሞላ።

«ሳቂ እህቴ። ቡናው አልጠራም ብለው የመለሱት ቀን ልጄንም ይመልሱታል» አለቻት።

እኔ ትምህርት ቤት የሄድኩ ነኝ፤ ነገሩ እንደዚያ እንዳልሆነ አውቃለሁ። እጄ ግን አላመነኝም። የራሴን ሰፌድ ሳልደግም ጆንያ ውስጥ አልገለብጥም ነበር።

ከዚያ ሁለቱ ጀርመኖች አንድ ሊሆኑ ነው የሚል ወሬ በሬዲዮ መጣ። ከእንግዲህ ከማን ጋር እንደምንነግድ አለቆቻችንም አያውቁም። ባቡር ጣቢያ ደርሶ የነበረው ቡና፣ የገዢው አገር ስም በቀለም እንደተጻፈበት ወደ መጋዘን ተመለሰ። የእኛና የምሥራቅ ጀርመን እህል ውሃ አልቆ ነበር። እናቴ ጆንያዎቹ ከካሚዮን ሲወርዱ ቆማ አየች። የመጋዘኑ ካቦ ቡናው ምንም እንከን እንዳልተገኘበት ማለላት።

«ታዲያ ለምን መለሱት?» አለችው።

ካቦው ጆንያዎቹን ወደ መቁጠር ተመለሰ።

ብዙም ሳይቆይ ወንድሜ መጣ። ይሠራበት የነበረው ፋብሪካ ተዘግቶ ነው። ወፈር ብሏል፤ ለእናቴ ወፍራም የሱፍ ሹራብ አምጥቶላታል። በድሬዳዋ ሙቀት ሹራብ! ላቧ እየተንጠፈጠፈ ለብሳው ዋለች። ደስታዋ ግን አልቆየም፤ የቀበሌ ሰዎች ለውትድርና ሊወስዱት ወዲያው ደረሱ። ባለሙያ ነው፣ መበየድ ይችላል ብዬ ሊቀመንበሩን ለመንኩት።

«ጥሩ ነዋ፤ ሁርሶም የሚበየድ አይጠፋም» አለኝ። በማግስቱ ወንድሜን ወሰዱት።

ያን ሰሞን ማንን እንደምጠላ ግራ ገብቶኝ ነበር፤ ጀርመኖቹን፣ የእኛዎቹን ወይስ ቡናውን።

ቡናውስ ገዢ አላጣም። ጆንያዎቹ ተገለበጡ፤ የድሮው ስም ወደ ውስጥ ገባ፣ በውጪው በኩል የሌላ አገር ስም ተጻፈ። ካቦው ደስ ብሎት እናቴ ዘንድ መጣ።

«አዴ፣ አዲሶቹ ገዢዎች እንከን ፈላጊ ናቸው አሉ። እንደ ልማድሽ አጥሪልን» አላት።

ሹራቡን አጣጥፋ ጭኗ ላይ አደረገችና ሰፌዷን ሳበች። መሐሉ ላይ አንድ ጥቁር ፍሬ ነበር። እኔም አየሁት፣ እሷም አየችው። በጣቷ ነካ አደረገችውና ከሌሎቹ ጋር ጆንያው ውስጥ ገለበጠችው።